ደብረ ብርሃን ለሳይክል እንድትመች ከየት እንጀምር?

የበሬሳ ማዶ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ የደብረ ብርሃን ልጆች። ከጣርማ በር ማዶ ያላችሁም ግቡበት።

ላለፉት አራት ዓመታት ወደ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። ከቤቴ እስከምሠራበት ፋብሪካ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀስ ብዬ ስነዳ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ባጃጅ ስጠብቅ ብቻ ከዚህ በላይ የሚሄድበት ጠዋት ብዙ ነው። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ደግሞ አይወራም።

በሰፈራችን የመንገድ ነገር ሊነሳ ነው። ነዋሪው ሐሳቡን ይዞ ይምጣ ተብለናል። እኔ የሳይክልን ጉዳይ ይዤ መሄድ ፈልጌያለሁ። ግን እጅ አውጥቶ «የሳይክል መንገድ ይሠራልን» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። የትኛው መንገድ? ከየት እስከ የት? ለማን? ይህን ሳንይዝ ከሄድን ተጨብጭቦልን እንመለሳለን እንጂ አንዲት ድንጋይ አትነሳም።

ከተማችን ለሳይክል የተመቸች ናት ብዬ አምናለሁ። ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ብንቀመጥም መሬቱ ሜዳ ነው። ወደ በሬሳ ወንዝ ወረድ ሲባል ካልሆነ በቀር ከሳይክል የሚያስወርድ ዳገት ብዙ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቋት ያልፋል። ገበያውም፣ መናኸሪያውም፣ ሱቁም ይህንኑ አስፋልት ተከትሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ደብተር የያዘ ልጅና ተሳቢ የጎተተ መኪና በአንድ መስመር ይሄዳሉ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከዋናው አስፋልት አንጀምር። ሰው ዛሬም በየቀኑ ከሚመላለስበት እንጀምር። ልጆች ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛ ከሰፈር ወደ ፋብሪካ። ከአስፋልቱ ጀርባ ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮብልስቶን መንገዶች አሉ። ብዙዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም። አንዱ ቦይ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ሌላው አጥር ላይ። እነሱን ማገናኘት ይቻላል። ቦዩ ላይ ጠበብ ያለች ድልድይ፣ አስፋልቱን በምንሻገርበት ላይ የፍጥነት መቀነሻና ዜብራ። በቃ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ካቻምና ክረምት የፍሳሽ ክዳን ብረቱ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ተዘርግቶ ስለነበር የፊት ጎማዬ መሐሉ ገባ። በደረቴ ነው የወደቅሁት። ከኋላዬ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ብረቱ በአግድም ቢገጠም ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ወጪው ምንድን ነው? ክዳኑን ዘጠና ዲግሪ ማዞር።

እናንተ ምን ትላላችሁ?

የደሴ መስመር ሹፌር

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። እኔ በዚያ አስፋልት ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በኛ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ከሸኖ በኩል ስንመጣ መንገዱ ሜዳና ቀጥ ያለ ነው። እግርህ ነዳጁን እንደረገጠ ከተማ ትገባለህ። ከተማ መግባትህን የሚነግርህ ነገር የለም፤ ቤቱ እየበዛ መምጣቱ ብቻ ነው። ሰው ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን መኪና ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ሁለት እጥፍ ይመስለዋል። አይደለም። ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትንሸራተተው አራት እጥፍ ነው። በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪናን በደረቅ አስፋልት አምስት ስድስት ሜትር ላይ ካስቆምካት በ60 ስትሄድ ከሃያ ሜትር በላይ ትፈልጋለች። በዚያ ላይ ዓይንህ አይቶ እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ ያለውን ደምርበት። ጭነትና ዝናብ ሲጨመርማ ተወው።

ስለዚህ ከዋናው አስፋልት አንጀምር ያልከውን አልቀበልም። ሰው የሚሞተው እዚያ ነው። መግቢያው ላይ መንገዱን ጠበብ አድርጉት። ዛፍ ትከሉ፣ መሐል ላይ ደሴት ሥሩ። ሹፌር ምልክት ሳያነብ በራሱ እግሩን ያነሳል። የምነግርህ ከመሪው ኋላ ሆኜ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ሳይክል አልነዳም። ልጄ ግን ትነዳለች፤ ትነዳ ነበር ልበል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አጎቷ የገዛላት ሳይክል ጓዳ ተቀምጧል። ትምህርት ቤቷ ሩቅ አይደለም፣ ግን አስፋልት መሻገር አለባት። እንዴት አድርጌ ልልቀቃት?

የበሬሳ ማዶ ልጅ፣ የውስጥ መንገድ ያልከው ቀን ቀን ጥሩ ነው። ማታ ግን ጨለማ ነው። ሁለተኛ ፈረቃ የምትማር ልጅ ስትወጣ ይመሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቶሎ ነው የሚጨልመው። ሴት ልጅ በዚያ ቅያስ ብቻዋን ከምትመጣ መኪና ባለበት መንገድ ብትመጣ ይሻለኛል። ይህን ወንዶች ስታቅዱ አይታያችሁም።

የበሬሳ ማዶ ልጅ

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። አላሰብኩትም። እኔ በዚያ ቅያስ ማታ ስገባ የምፈራው ውሻ ብቻ ነበር። መብራት የሌለበትን የውስጥ መንገድ የሳይክል መስመር ብለን ብናቀርብ ግማሹን ሰው አስወጣነው ማለት ነው። ሐሳቤን አስተካክላለሁ፤ መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ ማገናኘት። ሰው የሚቀመጥበት፣ ሱቅ ያለበት ቅያስ ይመረጥ። አጥር ለአጥር የሚሄደው ይቅር።

ጠባሴ ባጃጅ

እኔ በባጃጅ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ሳይክል አልጠላም። ግን የሳይክል መንገድ ተብሎ የመንገዱ ዳር ሲያዝ መጀመሪያ የሚባረረው ባጃጅ ነው። ተሳፋሪ ዳር ላይ ካላወረድኩ የት ላውርድ? መሐል አስፋልት? ከዚያ ትራፊክ ይቀጣኛል። የሳይክሉን ሰው እገጨዋለሁ ብዬም እሳቀቃለሁ። ስለኛም አስቡ።

ቀያሽ

በመንገድ ቅየሳና ግንባታ ላይ ስለምሠራ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ለባጃጁ ወንድማችን። ጥያቄህ ትክክል ነው፣ መልስም አለው። የሳይክል መስመር በመኪናው መስመርና በማቆሚያው መካከል ከሆነ ተሳፋሪ በወረደ ቁጥር ሳይክል ነጂው ይጨነቃል። ከማቆሚያው ጀርባ፣ በእግረኛው በኩል ከሆነ ግን ባጃጁ በቦታው ይቆማል፣ ሳይክሉ ከኋላው ያልፋል። ተሳፋሪው ወርዶ የሚቆምባት ትንሽ መደብ መሐላቸው ትደረጋለች። ማንም ማንንም አያባርርም። ይህ የሚሆነው ግን ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ከገባ ነው። መንገዱ ካለቀ በኋላ በቀለም የሚጨመር ነገር አይደለም።

ስፋቱን በተመለከተ። ባንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚነዳበት ሁለት ሜትር ጥሩ ነው፣ አንዱ ሌላውን መቅደም ይችላል። ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ አትቀበሉ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚነዳበት ከሆነ ሦስት ሜትር ያስፈልጋል። ቀለም ብቻ ቀብቶ «የሳይክል መስመር» የሚል አሠራርን አጥብቃችሁ ተቃወሙ። በሳምንቱ መኪና ይቆምበታል፣ አሸዋ ይደፋበታል። ከፍ ያለ ከርብስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ወይም የዛፍ መደዳ መሐሉ ይግባ።

ኮብልስቶን ላይ ሳይክል የነዳ ሰው ወገቡ ያውቀዋል። ግን ድንጋዩን መንቀል አያስፈልግም። ከመንገዱ በአንድ ወገን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለስላሳ ኮንክሪት ማፍሰስ ይቻላል። ሳይክሉም፣ የእጅ ጋሪ ጎታቹም፣ ልጅ የጫነ የልጅ ጋሪም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ይጠቀምበታል።

ማዕዘን ላይ ደግሞ ልብ በሉ። አደጋ የሚበዛው መንገድ ከመንገድ በሚገናኝበት ነው። ማዕዘኑ ሰፋ ብሎ የተጠማዘዘ ከሆነ መኪናው ሳይቀንስ ይታጠፋል። ጠበብ ካለ ይቀንሳል፣ ሳይክል ነጂውንም ያየዋል።

አሁን ስለ አሠራሩ። ሹፌሩ ወንድማችን ስለ አስፋልቱ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ የፌዴራል መንገድ ነው። እዚያ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከከተማው ጋር ብቻ ተነጋግሮ አያልቅም። የውስጥ መንገዱ ግን በከተማው እጅ ነው። ለዚህ ነው የክሩ ባለቤት ሐሳብ ያዋጣል የምለው። አንዱ ለዘንድሮ ነው፣ ሌላው ዛሬ ተጀምሮ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚገፋ ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

ስብሰባው ላይ ጥሩ ጉልበት የሚሰጣችሁ ነገር አለ። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው በሙሉ) እና የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ አካባቢ) ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበትም ይላል። ስለዚህ ልመና አይደለም። በተጨማሪ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግረኛና የሳይክል፣ ስትራቴጂ አለ። አሥር ዓመት የሚሸፍን ነው፣ አዲስ አበባን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ከተሞችንም ያያል። ርዕሱን ደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት።

ሮቢት

ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ከናንተ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው ያለነው። እናንተ ስለ ብርድ ታወራላችሁ፣ እኛን የሚያስቆመን ፀሐይ ነው። ሜዳ ስለሆነ ሳይክል ይነዳል፣ ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ በሌለበት መንገድ መንዳት ከባድ ነው። ለኛ የሳይክል መንገድ ማለት ዛፍ ማለት ነው። ዛፍ ከሌለ አስፋልቱ ቢያምርም ማንም አይወጣበትም። እዚያም ብትተክሉ አይጎዳችሁም፣ ለነፋሱ ይሆናችኋል።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው።

ብርዱን ምክንያት አታድርጉት። እኔ ሳስተምር ለዓመታት በሳይክል ተመላልሻለሁ። በኅዳር ውርጭ ጣቴ እጀታው ላይ ይደርቅ ነበር። የሱፍ ጓንት እናቴ ሠርታልኝ ነበር፣ እሱ ይበቃኝ ነበር። ሳይክል ላይ ያለ ሰው ይሞቀዋል፤ የሚበርደው ታክሲ ጥበቃ የቆመ ሰው ነው። የሚያስቸግረው የከሰዓቱ ነፋስ ነው። ከፊት ሲመጣ እንደ ዳገት ነው። የሮቢቱ ልጅ እንዳለው ዛፍ ይተከል፣ ግን ባሕር ዛፍ አይሁን። ሥሩ መንገዱን ያነሳዋል። ጽድ ይሁን፣ ወይራ ይሁን።

በኛ ጊዜ ሳይክል የክብር ነገር ነበር። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለሀገሩ ተወዳድሯል። ሳይክል ነጂ ከሯጭ እኩል ስሙ ይነሳ ነበር። አሁን ሳይክል የሚነዳ ሰው ሲያዩ «መኪና የሌለው» ይላሉ። መንገዱን ከመሥራት እኩል ይህን ማንሳት ያስፈልጋል። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ የቀበሌው ኃላፊ በሳይክል ሲሄድ ልጆች ይዩ።

ባሕር ዳር የተማረች

ጋሼ፣ ስላካፈሉን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፣ የተማርኩት ግን ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሴት ሳይክል ስትነዳ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ነጠላ ያደረገች እናት ዘንቢሏን ከኋላ አስራ ስትነዳ አይቻለሁ። ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሳይክል እዚህ ሁለት ወር ብቻ ነው የተነዳ። መንገዱ አይደለም ያስቆመኝ። የሰው አፍ ነው። በየማዕዘኑ የሚጮህብኝ አላጣም ነበር።

መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ብዛት ነው። አንዲት ሴት ስትነዳ ትርኢት ናት፣ ሃያ ሲሆኑ መንገደኛ ናቸው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን እኮ ለዚህ ጥሩ ነው። እሁድ ጠዋት አንድ መንገድ ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ይዘጋል፣ ልጆችና እናቶች ይወጡበታል። እኛም በወር አንድ ቀን ብንጠይቅ ምንም ግንባታ አይፈልግም።

ሌላው ትንሽ የምትመስል ነገር። ቀሚስና ነጠላ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። የሰንሰለት መሸፈኛ ያለው ሳይክል ካልሆነ ሴት አትደፍረውም። ሻጮች ይህን ቢያውቁ።

ጎሚስታው

እህቴ፣ መሸፈኛውን እኔ ከላሜራ እቆርጥልሻለሁ። ለሦስት ሰው ሠርቻለሁ፣ ይይዛል።

የኔን ልበል። ሳይክል የሚቆመው በመንገድ ብቻ አይደለም፣ በጥገናም ነው። ብዙ ሰው የሚያመጣልኝ ሳይክል ፍሬኑ የሞተ ነው። ላስቲኩ አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ይነዳል። በዚህ ሁኔታ የቱንም መንገድ ብትሠሩ ሰው ይጎዳል። የመለዋወጫ ችግር ደግሞ አለ። የሳይክሉ ጎማ ልክ አንዳንዴ ከነጭራሹ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳይክሉ አንድ ወር ይቆማል። ስታቅዱ ለጥገና ሱቅ የሚሆን አነስተኛ ቦታ መስመሩ ላይ ይኑር። የሳይክል ማቆሚያም እንዲሁ። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ሳይክል ይቆማል። ግን የሚታሰርበት ብረት ይኑረው፣ ጠባቂም ይየው። አሁን ሰው ገበያ የማይወጣበት ሳይክሉን እንዳይሰርቁት ፈርቶ ነው።

ጠባሴ ባጃጅ

ቀያሽ፣ ከማቆሚያው ጀርባ ያልከው ገብቶኛል። እንደዚያ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። የኛ ማኅበር ልጆችንም አናግራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ የምንቆምበት ቦታ ፕላኑ ላይ በሥዕል ይታይልን። በቃል «አለላችሁ» ተብለን ቀርተን እናውቃለን።

የጋሪ ልጅ

አባቴ ጋሪ ነው የሚነዳው። ፈረሱም አስፋልት ላይ ይሸበራል። ስለ ሳይክል ስታወሩ የፈረስ ጋሪ የት እንደሚገባ ማንም አላነሳም። ኮንክሪቱ መስመር ላይ ከገባ ሳይክሉን ይዘጋል፣ አስፋልት ላይ ከቀረ መኪና ይገጨዋል።

ቀያሽ

ወንድሜ፣ ጥሩ አነሳህ። የፈረስ ጋሪ የኮንክሪቱን ስፋት ይይዘዋል፣ ስለዚህ በሳይክል መስመሩ ላይ አይሄድም። ለሱ የሚሻለው ፍጥነት በ30 የተገደበበት የውስጥ መንገድ ነው። እዚያ ጋሪም፣ ባጃጅም፣ ሳይክልም አብረው መሄድ ይችላሉ፣ መለያየት አያስፈልጋቸውም። ለፈረሱ ውኃ የሚያጠጣበትና የሚያርፍበት ቦታም ካርታው ላይ እንጨምራለን። አባትህ በቀን የሚመላለስባቸውን መንገዶች ጽፈህ ላክልን።

የደሴ መስመር ሹፌር

የውስጥ መንገዱ በከተማው እጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ይሁን፣ ከዚያ ጀምሩ። ግን መሻገሪያዎቹን አትርሱ። የውስጥ መንገዱ የቱንም ያህል ቢያምር ልጅቷ አስፋልቱን መሻገሯ አይቀርም። ከየትኛው በኩል መኪና ሳይታይ እንደሚመጣ እኛ ሹፌሮች እናውቃለን። በካርታ ላይ አሳዩኝ፣ አደገኛ የሆኑትን ምልክት አደርግባቸዋለሁ።

የበሬሳ ማዶ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ስከፍተው የነበረኝ ሐሳብና አሁን ያለኝ አንድ አይደለም።

ለስብሰባው እንዲህ አስቤያለሁ። አንድ ገጽ እንጽፋለን፣ ከዚያ አይበልጥም። አንድ መስመር ብቻ እንመርጣለን። ከሰፈራችን በሁለት ትምህርት ቤት አጠገብ አልፎ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወስደውን። መብራት የት እንደሌለ፣ ቦዩ የት እንደሚያቋርጠው፣ የፍሳሽ ክዳኑ ብረት የት ወደ መንገዱ አቅጣጫ እንደተገጠመ፣ ባጃጅ የት እንደሚቆም፣ ጋሪ የት እንደሚያልፍ፣ አስፋልቱን የት እንደምንሻገር። ሁሉንም ከፎቶ ጋር። የወር አንድ እሁዱንም ከታች እንጨምራለን። ከተማውን በሙሉ ከጠየቅን አጥንተን እንመለሳለን ይሉናል። አንድ መስመር ለክተን ከሄድን ግን እምቢ ለማለት ይከብዳል።

ቁጥር ግን የለንም። ስንት ሰው በሳይክል እንደሚሄድ፣ ስንት ልጅ በእግሩ እንደሚሻገር አናውቅም። ሰኞ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል በሦስት ቦታ ቆመን እንቁጠር። ወንድና ሴት ለይተን። ሁለት ሰው በየቦታው ይበቃል። መስመሩን ደግሞ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ እየነዳን እንለካ።

ቀያሽ

ሜትሩን እኔ አመጣለሁ፣ የሃምሳ ሜትሩን። የመስመሩን ካርታም ለሹፌሩ በትልቁ አትሜ እሰጠዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር

የትምህርት ቤቱ በር ላይ እኔ እቆጥራለሁ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ።

ባሕር ዳር የተማረች

እሁድ እመጣለሁ። ሌሎች ሴቶችም ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንውጣ።

የሁለት ልጆች እናት

ልጄን አነበብኩላት። እሁድ ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች። ሳይክሉ ግን ከተቀመጠ ቆይቷል፣ ጎማው ተኝቷል፣ ፍሬኑንም አላምነውም።

ጎሚስታው

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አምጪው፣ እህቴ። ለእሁድ ይደርሳል።